የፊታውራሪ ዘመዶች

ሰው በቁሙ በማዕረግ ይቀመጣል፤ ሲሞት ግን ሁሉም እኩል ይተኛል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የእኛን የሚካኤልን ቅጽር አላዩም። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለው በዚህ ደብር ሙታንም ወንበር ወንበራቸውን ይዘዋል። ካህናቱ በምሥራቅ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ፣ ባለማዕረጉ ከወይራዎቹ ሥር፣ ድኻው በምዕራብ ከአጥሩ ጥግ። አንድ የቅኔ መምህር ብቻ «ኃጢአተኛ ነኝና እየረገጣችሁኝ እለፉ» ብለው ተናዝዘው ከመግቢያው በር ላይ ተቀብረዋል። እኛ ስለምናከብራቸው እንዘላቸዋለን፤ ኑዛዜያቸውን የሚፈጽምላቸው ምንም የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው። ከእሳቸው አለፍ ብሎ ዕድሜያቸውን በድንበር ሙግት የጨረሱ አንድ ሰው አሉ፤ ከባላጋራቸው ጎን ለጎን ነው የተኙት። አሁን ማን ወደ ማን እንደገፋ የሚያውቅ የለም።

እኔ የመራዊ ሰው ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ መጣሁ፣ እዚሁ አረጀሁ፤ ስለዚህ በእነዚህ አጥንቶች ላይ ድርሻ የለኝም። «እዚህ ማን ማን የሚባል ታላቅ ሰው ተቀብሯል?» የሚለኝ እንግዳ ሲመጣ ግን ይደክመኛል። ታላላቆቹ አይደሉም የሚያደክሙኝ። ዘመዶቻቸው ናቸው።

ነገሩን ከፊታውራሪ ቢሻው ልጀምርላችሁ። በትልቁ ወይራ ሥር የተኙት እሳቸው ናቸው። ለሚካኤል ቆርቆሮ ያለበሱ፣ የስንቱን ደም ያደረቁ፣ እንዲሁም (ይህችን ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነግሯችሁ) የሰው በሬ ያስነዱ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ሕዝቡ ሲቀመጥ ከመቃብራቸው አጠገብ የሚቀመጠው የቅርብ ዘመድ ነው። የቅርቡ ማን ነው? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ርስት በአዋጅ ከቀረ ስንት ዘመኑ! የእኛ ሰው ግን ትውልድ መቁጠሩን አልተወም። አንዱ ተነሥቶ «ፊታውራሪ ቢሻው እገሌን ወለዱ፣ እገሌም እገሊትን…» እያለ እስከ ራሱ ይወርዳል፤ ሌላው ደግሞ በሌላ ቅርንጫፍ ቀድሞት ሊደርስ ይጣደፋል።

በዚህ ሙያ አያ ገደፋውን የሚያህል አልነበረም። አያ ገደፋው ቡሬ እህል የሚነግድ፣ እዚህም ደህና ማሳ ያለው ሰው ነው። እሱ በአያቱ በኩል አድርጎ እናቱን ከፊታውራሪ ሲያስወልዳት ጠላ ጠጪው ሁሉ ዋንጫውን አስቀምጦ ይሰማው ነበር። ከዓመት ዓመት ስለሰማነው እኔ መጤውም ሳልቀር በቃሌ ያዝሁት።

የማትቆጥር አንዲት ዘመድ ነበረች። የማትቆጥር አልሁ፤ ይቅርታ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የማይቆጥሩ ልበል። እትዬ ባንቻየሁ የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ለእኔም የቤት አከራዬ ነበሩ። ባላቸው ሞተው፣ ልጅ ሳይኖራቸው፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ማሳ ለእኩል እያሳረሱ ይኖሩ ነበር። እናታቸው የተቀበሩት ከፊታውራሪ እግር ሥር ነው። «እኔንም ከእናቴ ጎን አሳርፉኝ፤ ሌላ አልሻም» ይሉ ነበር። በዚህ ዓለም የሚመኙት ይህንኑ ብቻ ነበር።

መንግሥት እንደገና በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ የመሬት ሽግሽግ መጣ። «ፊውዳል» የተባለ ሰው መሬቱ ተቀንሶ ለሌላው ይሰጣል ተባለ። ፊውዳል ማን ነው? የፊውዳል ዘር ነዋ! ያን ሰሞን በወይራው ሥር የሚያልፍ ጠፍቶ ሣር በቀለበት።

ግን ወዴት ይኬዳል? ስንት ዘመን ሙሉ በአደባባይ ሲቆጠር የኖረውን ሐረግ አገር ያውቀዋል። ዘሩን ለማስረዳት እማኝ የሚቆጥር ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ዘር እንደሌለው ለማስረዳት እማኝ ሲጠራ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ስብሰባው ከሾላው ሥር ነበር። መጀመሪያ የተነሣው አያ ገደፋው ነው።

«ወገኖቼ፣ ስቆጥር የኖርሁት ተሳስቼ ነው» አለ። «እናቴ የፊታውራሪ ልጅ አይደለችም። አያቴ ያረገዘቻት ከበቅሎ ጫኛቸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የአያቱ ስም ረከሰ፤ ማሳው ዳነ። መንገዱ ከተገኘ ወዲያ ከእሱ ቀጥለው የተነሡትም ሁሉ ወደ በቅሎ ጫኙ ዞሩ። ያ ምስኪን፣ ሚስት እንኳ ሳያገባ የሞተ ሰው፣ በአንድ ጠዋት የቀበሌው ግማሽ አያት ሆነ።

ተራው እትዬ ባንቻየሁ ላይ ደረሰ። «እርስዎስ?» አላቸው ሰብሳቢው።

«እኔማ የፊታውራሪ ቢሻው የልጅ ልጅ ነኝ። የሰው በሬ ነድተው እንደሆነ እግዜር ይጠይቃቸው። እኔ ግን አያቴን ዛሬ ክጄ፣ ነገ ከእግራቸው ሥር በምን ዓይኔ ልተኛ?»

ማሳቸው ሄደ። ጓሯቸው ብቻ ቀረላቸው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ቤታቸውን የሚረግጥ ዘመድም አልነበረ። እኔ ያን ቀን አዘንሁ፤ ተናደድሁም። እሳቸው ግን ከጓሯቸው ጎመን እየቀነጠሱ ኖሩ፤ ማጉረምረም የሚባል ነገርም አልፈጠረባቸው።

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ጊዜ የሰጠው ሙት ደግሞ ዘመድ ያፈራል። ዓመታት አለፉና ቱሪዝም የሚባል ነገር እኛ ድረስ ወረደ። የታወቁ ሰዎች መቃብር ይልማ፣ እንግዳ ይምጣ ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ማን ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ታውቁታላችሁ። በቅሎ ጫኙ እንደገና መካን ሆነ።

ለፊታውራሪ የሲሚንቶ ሐውልት፣ ባለ ቆርቆሮ ጣራ፣ ዙሪያውን የብረት አጥር ተሠራላቸው። ሲሚንቶው ሳይፈስ እትዬ ባንቻየሁ ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ።

«አያ ገደፋው፣ ከእናቴ ጎን የእኔን ቦታ ተውልኝ» አሉት።

«እትዬ፣ እዚያ ላይ እኮ እንግዳ ነው የሚቆምበት» አለ በትሕትና። «ፕላኑ አይፈቅድም።»

ፕላኑ እናታቸውንም አልፈቀደም፤ ሲሚንቶው በላያቸው ላይ ፈሰሰ።

በምረቃው ቀን የክብር እንግዳው «እስቲ ዘመዶቻቸው ቁሙና እንያችሁ» ሲሉ ሜዳው ሙሉ ቆመ። እትዬ ባንቻየሁ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ተቀምጠው ቀሩ። «እኒህ እናትስ?» አሉ እንግዳው። አያ ገደፋው ጎንበስ ብሎ መለሰ፦ «ጎረቤታችን ናቸው።»

ስንመለስ ክንዴን ያዙ። ከዚያ፣ «አየህ መምህር፣ ያን ጊዜ አያቴ ከእኔ በቀር ሰው አልነበራቸውም» አሉኝ። «ዛሬ አገሩን ሁሉ ወለዱና ለእኔ ቦታ ጠፋ።» ጥቂት ሄድን። እሳቸውም «ስሞት በምዕራብ በኩል አድርጉኝ፤ እዚያ ሰው አይጋፋም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በክረምት ዐረፉ። እንዳሉት በምዕራብ በኩል ቀበርናቸው። ለቀብሩ የመጣው ሰው ብዛት አስገረመኝ። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው አያ ገደፋው ነው፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ደረቱን እየደቃ «የፊታውራሪ ቢሻው የልጅ ልጅ፣ የእኔ እኅት!» እያለ ትውልዳቸውን ከላይ ጀምሮ ይቆጥር ገባ። እኅቱ መሆናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገራቸው ያን ቀን ነው። ቆጠራው ከመካከል ሳይደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ዘመዱ ሁሉ ሮጦ ከፊታውራሪ ቆርቆሮ ሥር ተጠለለ። አያ ገደፋው ቆጠራውን እዚያው ሆኖ ጨረሰ። አፈሩን የመለስነው ቄሱና እኔ ነን፤ ሁለታችንም ዘመድ አይደለንም።