የዶክተር ኦዳርቴይ የባሕር ድል

በቴማ ከተማ፣ ከወደቡ ዋና በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ብቻ ተሻግሮ፣ ስሙን መጥራት ክብሩን መቀነስ የሚሆንበት አንድ የመርከብና የንግድ ማሠልጠኛ ተቋም አለ። ተማሪዎቹ በመስኮት ብቅ ካሉ መርከብ ያያሉ፤ ጆሮ ከሰጡ የክሬኑን ሲጥሲጥታ ይሰማሉ። ይህ ለትምህርት ጥራት ምን ያህል እንቅፋት እንደሆነ ለመገንዘብ ግን እንደ ዶክተር ኦዳርቴይ ያለ አርቆ አሳቢ ዳይሬክተር ያስፈልግ ነበር።

ዶክተሩ ይህን የተገነዘቡት ውጭ አገር ጉባኤ ላይ ነው። ጠረጴዛ ከበው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ የሚወረውሩ የተከበሩ ሰዎች አይተው ምን እንደሚሠሩ ቢጠይቁ፣ በጨዋታ ንግድ እያስተማሩ እንደሆነ ተነገራቸው። በተመለሱ ማግስት መምህራኑን ሰበሰቡ።

“ክቡራንና ክቡራት፣” አሉ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ፣ “የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ወደ ባሕር ሲሄድ ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ ባሕሩ ወደ እኛ ጠረጴዛ ይመጣል! ባሕር፣ እንደምታውቁት፣ ሰፊ ነው። ሰፊ ነገር ደግሞ ለቁጥጥር አይመችም።”

ምክትላቸው ሚስተር ቦንሱ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ዶክተሩ ሲያስነጥሱም የሚያጨበጭብ ትጉህ ሠራተኛ ነበር።

ጥያቄ ያነሳችው ማዳም አዪኮርኮር ብቻ ናት። የጭነት አያያዝ መምህርት ስትሆን፣ ተማሪዎቿን በየሳምንቱ መንገዱን እያሻገረች ከአውራጅና ከጫኝ ጋር ታጋፋቸው ነበር።

“ዶክተር፣ ጨዋታው መልካም ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ” አለች። “ወደብ መሄዳችን ግን እንዳለ ይቀጥላል አይደል?”

“ወደብ ምን አለ?”

“መርከብ አለዋ!”

“እዚህም መርከብ አለ። ያውም ዝናብ የማይነካው።”

“ጭነት አለ፣ የጭነት ሰው አለ...”

“ጭቅጭቅም አለ፣ ፀሐይም አለ” አሉ ዶክተሩ። “ቦንሱ፣ መጋረጃ ይገዛ።”

መጋረጃው ተገዛ። ተማሪዎቹ ስለ መርከብ የሚማሩትን ትምህርት መርከብ በማየት እንዳይረብሹት፣ በወደቡ በኩል ያሉት መስኮቶች በሙሉ ተጋረዱ።

አናጺ የጨዋታውን መርከቦች ከእንጨት ጠረበ፤ ማተሚያ ቤት ወደቦቹን በመጫወቻ ገበታ ላይ በቀለም አተመ። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ አዪኮርኮርም አልካደችም። ስለ ዕቃ ትዋዋላለህ፣ መርከብ ትከራያለህ፣ ኢንሹራንስ ትገባለህ ወይም አልገባም ብለህ ማዕበል ሲመጣ ራስህን ትይዛለህ። የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፉ የነበሩ ልጆች ኬንኬ የሚበሉበት ቤት ሳይቀር “አንተ ባዶ መርከብ ከሌጎስ የምትመልስ!” እየተባባሉ ይሰዳደቡ ጀመር። በእነሱ ቋንቋ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም።

ከሁሉ የበለጠችው ሴናም የምትባል ልጅ ናት። እናቷ ዓሣ በጭስ እያደረቀች የምትሸጥ ናት፤ ልጅቷ ያደገችው የጀልባ መልስ ሲጠበቅ፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እያየች ነው። ዳይሱ ቢከፋባት አትቆጣም፣ ቢቀናትም አትፈነድቅም። መርከቧ ኮኮዋ አድርሳ ሩዝ ሳትጭን አትመለስም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሕር ላይ መውጣት። ካልሆነላት አጎቷ ኩማሲ ባለው የጨርቅ ሱቁ ውስጥ ወንበር አዘጋጅቶላታል።

ለዚህም መንገድ ነበረው። አንድ የመርከብ ድርጅት በየዓመቱ ከተቋሙ አንድ ሠልጣኝ ይወስዳል። ቀድሞ በፈተና ይመረጥ የነበረውን ዶክተሩ በማስታወቂያ ለወጡት፦ “በመጨረሻው የገበታ ውድድር ያሸነፈ ማንኛውም ተጫዋች፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ፈተና፣ የመርከብ ሠልጣኝ ሆኖ ይላካል።” አዪኮርኮር ይህን ስታነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሩን በልቧ አመሰገነች። ሴናምን የሚያሸንፋት እንደሌለ ታውቅ ነበርና።

ነገሩ የተበላሸው ዶክተሩ አሠራሩን ለማሳየት ብለው አንድ ቀን ከተማሪዎች ጋር የተቀመጡ ጊዜ ነው።

“ዶክተር፣ ኢንሹራንስ አይገቡም?” አለቻቸው ሴናም በትሕትና።

“የእኔ መርከብ አይሰምጥም፣ ልጄ።”

ሰመጠ። ቀጥሎ የተላከውም ሰመጠ። የተረፈው ባዶውን አቢጃን ላይ ቆሞ የወደብ ኪራይ ሲበላው ዋለ። በመጨረሻ ሴናም፣ አቀርቅራ፣ “ይቅርታ ዶክተር፣ ከስረዋል” አለች። ከተማሪዎቹ መሃል አንዱ ሳቁን በሳል ሊያስመስል ሞክሮ አልሆነለትም።

በማግስቱ የደንብ ማሻሻያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ሚስተር ቦንሱ፣ አባሉም ሚስተር ቦንሱ። ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ፣ ማዕበል ዳይሬክተርና ከዳይሬክተር በላይ የሆነ ተጫዋች እንዳይመታ፣ ዳይሱ ለዳይሬክተሩ ካልተመቸ “በአስተዳደር ምክንያት” እንዲደገም፣ የዳይሬክተሩም ድል በማንም፣ በምንም ምክንያት፣ እንዳይሻር ወሰነ። ዶክተሩም ለመጨረሻው ውድድር በክብር ተጫዋችነት ተመዘገቡ።

አዪኮርኮር ቢሮአቸው ገባች። ተቀመጪ አላሏትም።

“ዶክተር፣ የልጅቷ ዕድል ነው እኮ።”

“ብትችል ታሸንፈኝ።”

“በዚህ ደንብ እግዜርም አያሸንፍዎ!”

“እንግዲያውስ ደንቡ ጥሩ ነው ማለት ነው” አሉና ወረቀታቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።

አዪኮርኮር ወጥታ ሴናምን ፈለገቻት። ልጅቷ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ወደቡን ታያለች። “ማዳም፣ ልተወው መሰለኝ” አለች። “አጎቴም ደውሎልኛል።”

“ትጫወቻለሽ!” አለቻት አዪኮርኮር። ለምን እንዲህ በእርግጠኝነት እንደተናገረች ግን ራሷም አታውቅም።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ በእንግዳ ሞላ። የመርከብ ድርጅቱ ተወካይ ካፒቴን ኳርሺ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እንደ ገመድ የጠነከረ፣ ቀልድ የማያውቅ የሚመስል ፊት ያላቸው ሰው ናቸው። ዶክተሩ ባለ ቀለሙን የክብር ልብስ ኬንቴ ደርበው ገቡ። ጨዋታው ተጀመረ።

ሴናም ከሁሉም በላይ ተጫወተች። ሌሎቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ ከስረው ሲነሱ እሷ ቀረች። ግን ምን ታድርግ? ዶክተሩ ዳይሱን ይወረውራሉ፣ ሚስተር ቦንሱ “ይደገም!” ይላል፤ እንደገና ይወረውራሉ፣ “አሁንም ይደገም!” ይላል፤ ሲመቻቸው “ጸድቋል!” ይላል። ማዕበል ተነስቶ ባሕሩን ሁሉ ሲያምስ፣ የዶክተሩ መርከቦች በመሃሉ እንደ ሽርሽር ያልፋሉ። በመጨረሻ ለሴናም የቀረችላት አንዲት መርከብ ሰመጠች። ልጅቷ የእንጨቷን መርከብ ከገበታው አንስታ በጸጥታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። አዪኮርኮር ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች።

“አሸናፊ፣ ክቡር ዶክተር ኦዳርቴይ!” አለ ቦንሱ።

ዶክተሩ ተነስተው እጅ ነሱ። “ልምድ ነው፣” አሉ፣ “ሌላ ምንም አይደለም።”

ያን ጊዜ ካፒቴን ኳርሺ ከወንበራቸው ሥር አንድ ሰማያዊ የሥራ ቱታ አወጡና ወደ መድረኩ ወጡ።

“እንኳን ደስ ያለዎ፣ ዶክተር” አሉ። “መርከባችን ነገ ንጋት ላይ ትነሳለች። ዛሬ ማታ ይሳፈሩ።”

ዶክተሩ ሳቁ። ካፒቴኑ አልሳቁም።

“ማነው የሚሳፈረው?”

“አሸናፊው ነዋ! ማስታወቂያዎ ‘ማንኛውም ተጫዋች’ ይላል። ድርጅቴም በዚህ ተስማምቶ ፈርሟል። የሠልጣኝ ሥራ ቀላል ነው፤ ወለል መፈግፈግ፣ ዝገት መፋቅ፣ ቀለም መቀባት። ለዘጠኝ ወር።”

“እ... ካፒቴን፣ እኔ እኮ የተጫወትኩት ለክብር ነው። እንዲያውም በሚገባ ከታየ አላሸነፍኩም።”

እዚህ ላይ ሚስተር ቦንሱ የሙሉ ዘመን አገልግሎቱን ከፍታ አሳየ። ዳይሬክተሩ ለዘጠኝ ወር ባሕር ላይ ከቆዩ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ በቅጽበት ተገልጦለት ነበር።

“ክቡር ዶክተር፣ ትሕትናዎ ይገድለናል!” አለ። “በተሻሻለው ደንብ መሠረት የእርስዎ ድል በማንም አይሻርም። በራስዎም ቢሆን።”

“ዝም በል፣ ቦንሱ!”

“ለእውነት ስል ዝም አልልም። አሸንፈዋል!”

“ተሸንፌአለሁ አልኩህ!”

“አሸንፈዋል እንጂ! ሕዝብ ይመስክር!” ተማሪዎቹም ሕዝብ በመሆናቸው፣ “አሸንፈዋል! አሸንፈዋል!” እያሉ አዳራሹን አደባለቁት።

ዶክተሩ ላብ አጠመቃቸው። አዪኮርኮር ቱታው አጠገባቸው ተዘርግቶ ሲጠብቃቸው አየች፤ ለአፍታም ያህል፣ መቼም ኃጢአት ነው፣ ይሂዱልን ብላ ተመኘች። ከዚያ ሴናምን አየቻት። እሳቸው ከሄዱ ልጅቷ ቀረች ማለት ነው። ተነሳች።

“ካፒቴን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ” አለች። “ሠልጣኝ ሆኖ ለመሳፈር መዋኘት ግድ ነው?”

“ግድ ነው። የማይዋኝ ሰው መሰላሉንም አይረግጥም። በዚያ ጊዜ ቦታው ለሁለተኛው ይተላለፋል።”

አዪኮርኮር ዞረች። “ዶክተር፣ ይዋኛሉ?”

ዶክተር ኦዳርቴይ በሕይወት ታሪካቸው ላይ “የባሕር ሰው” ተብሎ የተጻፈላቸው ሰው ናቸው። ጥያቄው የገባቸው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲገባቸው ግን ፊታቸው በራ።

“አልዋኝም!” አሉ።

“ዶክተር፣” አለ ቦንሱ በድንጋጤ፣ “ወጣትነቴን በማዕበል ውስጥ ነው ያሳለፍኩት ብለውን የለም እንዴ?”

“ውሸት ነው!” አሉ ዶክተሩ በኩራት። “ባሕር ገብቼ አላውቅም! መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም! አንድ ጊዜ ጀልባ ላይ ለፎቶ ብወጣ ከአሸዋው ሳትነሳ አስታውኬአለሁ! መስክሩልኝ እንጂ!”

የተቋሙ አሽከርካሪ ከኋላ ተነስቶ፣ “እውነታቸውን ነው፤ የቦይ ውኃ ሲሻገሩም የምይዛቸው እኔ ነኝ” ብሎ መሰከረ። ዶክተሩ በዓይናቸው አመሰገኑት።

ካፒቴኑ ቱታውን አነሱ። ሁለተኛ የወጣችው ሴናም ነበረች።

“አንቺስ ትዋኛለሽ?”

“ካፒቴን፣ ከመራመዴ በፊት ነው የዋኘሁት።”

ቱታው ሰፋት። አዪኮርኮር አጠገቧ ተንበርክካ የእግሩን ጫፍ እየጠቀለለችላት እያለ፣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ “ማዳም፣ አጎቴን ማን ይነግርልኛል?” አለቻት። “እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ብቻ ባዶ መርከብ እንዳትመልሺ” አለች አዪኮርኮር፣ ሌላኛውን እግር መጠቅለል እየጀመረች።

ዶክተር ኦዳርቴይ በበኩላቸው፣ እንደ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ፣ ወዲያው ወደ ራሳቸው ተመለሱ። ኬንቴአቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑን ያዙ።

“ክቡራን እንግዶቻችን፣” አሉ፣ “ዛሬ በዓይናችሁ እንዳያችሁት፣ የገበታ ጨዋታው ዒላማውን ሙሉ በሙሉ መትቷል። ስለ መርከብ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ አውጥቷል።”

በተቋሙ ታሪክ ለዶክተሩ ንግግር ከልብ ሲጨበጨብ ይህ የመጀመሪያው ነበር።