ወይዘሮ ሥራነሽ ይመልሱታል

በቴሌግራም ልብስ የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ ወይዘሮ ሥራነሽ አሉት። የሉኝም የሚል ካለ ገና ንግዱን አልጀመረም ማለት ነው።

የፈውዚያዋ ወይዘሮ ሥራነሽ ቁይ ከተማ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቋ ሆና ፈውዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሁለት ቀሚስ ልካላቸዋለች። እዚያው የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ዝናቡ መንገድ ዘግቶ ነው።

ክብርት መላሽ ሲያዙ ያስታውቃሉ። መጀመሪያ፣ "ፈውዚየ፣ ደኅና ከረምሽ?" ቀጥሎ የልብ ምልክት፣ ሦስት። ከዚያ፣ "በሚዲየምም፣ በላርጅም፣ በኤክስ ኤልም ላኪልኝማ፤ ሰውነቴን አላምነውም።" ፈውዚያ ግን ሰውነታቸውን ታምነዋለች፤ ኤክስ ኤል ነው፤ ከኤክስ ኤል ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ልብሱ የቁይን መንገድ በሚሠራው በሹፌሩ በታዲዮስ ሚኒባስ ይመለሳል። አስተጣጠፉ የፋብሪካውን ያስንቃል። ከላዩ ላይ ብጣሽ ወረቀት አለች፦ "ቀለሙ አኮረፈኝ።" ሌላ ጊዜ፦ "እጅጌው ትዕቢተኛ ነው።" አንድ ጊዜማ፦ "ምንም እንከን አይወጣለትም፤ እንዲሁ አልሆነም።" ፈውዚያ ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። "ለማስረጃ ነው" ትላለች።

ከእሳቸው ተምራ የመላሽ ሁሉ መርማሪ ሆነች። "ለእህቴ ነው" ያለች ትመልሳለች። ዋጋ ያልተከራከረች ትመልሳለች። ለሠርግ ሐሙስ ያዘዘች ሰኞ ትመልሳለች፤ ያውም ሽቶ ነስንሳ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ግን እቃ በዱቤ የምትልክላት አክስቷ ሸምሲያ ከአዲስ አበባ ደወለች።

"ስሚ ፈውዚያ፤ የተመላለሰ ልብስ እዚህ ማንም አይነካልኝም። ከዚህኛው ጭነት ከሁለት በላይ ከተመለሰ፣ ወላሂ ከእንግዲህ አንዲት ሻሽ አልክልሽም!"

ያለ አክስቷ እቃ ሱቁ ባዶ ግድግዳ ነው።

ለቁይ የታዘዙት ሰባት ቀሚሶች ነበሩ፤ ሦስቱ የወይዘሮ ሥራነሽ። ታዲዮስ ከውጭ ጥሩንባውን ያንባርቃል። "ፈውዚያ፣ መኪናው ሞልቷል! የምትሰጪኝ ካለ ስጪኝ!" ፈውዚያ የወይዘሮ ሥራነሽን ሦስቱን መልሳ ሰቀለች። "እትየ፣ ይቅርታ፣ አልቋል" ብላ ጻፈችላቸው። ዋሽታቸው አታውቅም ነበር።

አራቱ ሄዱ። ከአራቱ ደንበኞች "ለእህቴ" ያለች የለችም፤ ሁሉም እስኪበቃቸው ተከራክረዋል። እንከን የሌለው ትዕዛዝ።

ረቡዕ ታዲዮስ አንድ የተመለሰ ቀሚስ በፌስታል ይዞ መጣ። ሐሙስ ሌላ ደገመ። ከሰዓት በኋላ ከአራቱ ደንበኞች አንዷ፣ ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር የምታስተምረው ሂዊ ደወለች።

"ፈውዚያ፣ ቀሚሱን ነገ ጠዋት እልክልሻለሁ።"

"ምነው፣ ጠበበሽ?"

"ኧረ አልጠበበም።"

"ቀለሙ ነው?"

"ቀለሙማ ሸጋ ነው። እትየ ሥራነሽ አላዩትም እንጂ! ሁልጊዜ እሳቸው ያመጡና መምህራን ማረፊያ ተሰብስበን እንለካለን። ይሄ ለአንቺ፣ ያ ለእሷ ይሉናል። ከዚያ ነው አንቺን የምናዝሽ። አሁን ለፋሲካ ቸኩዬ ሳላማክራቸው አዘዝኩ፤ ብቻዬን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩና… እንጃ!"

ፈውዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የቁይ ደንበኞቿን አንድ በአንድ አሰበች። ከዚህኛው ጊዜ በቀር ሁሉም ያዘዙት ወይዘሮ ሥራነሽ በመለሱ ማግስት ነበር። ያ ሚዲየምና ያ ላርጅ ለካ የቁይ ሴቶች ልክ ኖሯል።

ደወለች።

"አቤት" አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። "ልብሱ አልቆ የለ፣ ምን ልትሸጭልኝ ነው?"

"አላለቀም ነበር፣ እትየ። ዋሸሁዎት። ይመልሱታል ብዬ ነው።"

"እመልሰዋለሁማ! ካልሆነ ላልመልሰው ኖሯል?"

"አሁን ሂዊ ልትመልስብኝ ነው። እሷ ከመለሰች ሱቄ ተዘጋ ማለት ነው።"

"ቆዪ" አሉ።

ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ሂዊ ቤት ሄዱ። በር ተንኳኳ፤ ውሻ ጮኸ፤ የሂዊ ድምፅ "ግቡ፣ ግቡ" ሲል ተሰማ። ፈውዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

"ዙሪ" የሚል ድምፅ መጣ ከሩቅ። "ወዲህ ዙሪ። እጅሽን አውርጂ፤ ሰው ልትባርኪ ነው?" "ወገቡ ላይ መርፌ ይነካዋል እንጂ ይሄስ አይመለስም!"

ፈውዚያ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ተነፈሰች።

"ሰማሽ?" አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ ስልኩ ተመልሰው። "ግን አኩርፌሻለሁ።"

"ይገባኛል፣ እትየ።"

የተመለሰው ሁለት ብቻ ሆነ፤ አክስቷም በቃሏ ጸንታ እቃ መላኳን ቀጠለች። ከፋሲካ በኋላ ታዲዮስ ጥሩንባውን ሲያንባርቅ ፈውዚያ አንድ ጥቅል አቀበለችው። ውስጡ ያሉትን ሦስት ቀሚሶች ሲመለሱ አክስቷ እንዳትቆጥርባት በራሷ ገንዘብ ገዝታቸዋለች።

"የማን ነው?"

"የእትየ ሥራነሽ።"

ታዲዮስ ሳቀ። "ይመልሱታል እኮ!"

"እንዲመልሱት ነው የምልከው" አለች ፈውዚያ። "ስታመጣው ታዲያ፣ ወረቀቷን እንዳትጥልብኝ።"