ሦስት ደቂቃ ዝምታ ለአሶሳ

«ወጪ ቆጣቢ» የሚል ቃል የሰማሁ እንደሆነ ኪሴን አልዳብስም፤ የተቀመጥኩበትን ወንበር ነው ጥብቅ አድርጌ የምይዘው። እናንተም ብትሆኑ ትይዙ ነበር። ይህ ቃል አንድ ጊዜ በባሕር፣ አንድ ጊዜ በየብስ አግኝቶኛል።

የባሕሩን ላስቀድም። በንግድ መርከብ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። የጭነቱ ትእዛዝ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የካፒቴኑ ሚስት ሰላምታ ሳይቀር በእኔ ጆሮ ነበር የሚያልፈው። አንድ ቀን ወደብ ላይ የዳቦ ቅርጫት የምታህል ሳጥን ይዘው መጡ። «ወጪ ቆጣቢ የተቀናጀ የመገናኛ ሥርዓት» ትባላለች አሉን። ስልኩም፣ ቴሌክሱም፣ ፋክሱም፣ የአየር ትንበያውም እሷው ናት፤ በሳተላይት ትናገራለች፣ ደመወዝ አትጠይቅም፣ አትታመምም። እሷ ተሳፈረች፣ እኔ ወረድኩ። አንጀቴ ቢያርም አንድ ነገር አልነፍጋትም፤ ግንባሯ ላይ ቀይ ቁልፍ ነበራት። መርከብ ጭንቅ ሲገባው ያ ቁልፍ ከተጫነ ሌላው ወሬ ሁሉ ቀርቶ የጭንቁ ጥሪ ይቀድማል። ከእሷ በፊትም እኛ የሬዲዮ ሰዎች በየግማሽ ሰዓቱ ለሦስት ደቂቃ ጸጥ እንል ነበር። ማንም አይናገርም፣ ሁሉም ያዳምጣል፤ የሚሰምጥ ሰው ካለ ድምፁ እንዲሰማ ነዋ!

ከዚያ እንጀራ ፍለጋ አሶሳ ገባሁ። ክልሉ ገና ሀ ብሎ መጀመሩ ነበር፤ ስልክ ወደ ወረዳ አይደርስም፣ ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። እኔም ተገኘሁ። ጤናው፣ ግብርናው፣ ትምህርቱ የየራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው። በአንድ ስብሰባ ሁሉም ተጠቃለለና አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ሞገድ ሆነ። ምን ተብሎ? ወጪ ቆጣቢ፣ የተቀናጀ! ጉድ እኮ ነው፣ ከባሕር ተከትሎኝ መጣ። ማቀናጀቱንስ አቀናጁት፤ ቀዩን ቁልፍ ግን ማን ያስታውሰው?

ሞገዱ ገበያ ሆነ። የባምባሲ ወረዳ ስለ አበል ይጠይቃል፤ የጉባ ወረዳ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ደግሞ እኛ ዘንድ የሰው ደህንነት፣ የልጆቹ፣ የጎረቤቱ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም፤ ባትሪው ሰላምታ ላይ ያልቃል። ኃላፊያችንን ሦስት ደቂቃ ዝምታ ለመንኳቸው። ከት ብለው ሳቁና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ምን መርከብ አለ ብለህ ነው?» አሉኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ማይኩን ይዘው ባምባሲ ስላሠሩት የቀርከሃ ሶፋ ይከራከራሉ። መደገፊያው ከፍ ይበል፣ ዝቅ ይበል፤ መኪናዬ ነገ መጥታ ትጫነው። በመሀል በመሀል፣ እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ የሆነ ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል። የኩርሙክ ወረዳ የጤና ረዳት ኢድሪስ ነው፤ አማርኛ ገና አልቀናውም። «አሶሳ... አሶሳ...» ይላል፣ መደገፊያው ይውጠዋል። «ጌታዬ፣ ኩርሙክ ይጣራል» አልኩ። በእጃቸው ቆይ አሉኝ። ማይኩን ከእጃቸው መነጨቅሁ!

«ሁሉም ጣቢያ ዝም በል! ኩርሙክ፣ ተናገር!»

«ሴትዮ ምጥ ይዞታል! ሁለት ቀን ነው፣ ልጅ አልወጣም! መኪና ላክ ወንድሜ፣ ወላሂ ይሞታል!»

ባምባሲ ዝም፣ ጉባ ዝም። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው አመድ መሰለና የመኪናቸውን ቁልፍ ለሾፌሩ ወረወሩለት። በዚያ ኩርሙክ ድረስ በሚያንገጫግጭ መንገድ ሄዶ አመጣት። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ ሐኪም ቤት ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ግን ግምገማ ቀረብኩ። ጥፋቴ «የበላይ አካልን ንግግር ማቋረጥ» ነበር። ሰው ሊሞት ነበር እኮ ብል፣ «እሱ ሌላ አጀንዳ ነው» ተባልኩ። እናንተ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ መልስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማስጠንቀቂያዬን ተቀበልኩ። ያም ሆኖ የዝምታው ሐሳብ «ገንቢ» ተብሎ ጸደቀልኝና ኃላፊያችን ራሳቸው በሬዲዮ አስታወቁ፤ «ከእንግዲህ በየግማሽ ሰዓቱ ለሦስት ደቂቃ ሞገዱ ነጻ ይሆናል። አስቸኳይ ጉዳይ ያላችሁ ተጠቀሙበት።»

አስቸኳይ ጉዳይ የሌለው ማን አለ! አበሉ አስቸኳይ ነው፣ ሶፋው አስቸኳይ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ አገር ምድሩ ባንዴ ይጮሃል፤ ከፉጨት በቀር የሚሰማ የለም። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ቀጣዩን ተራ ሲጠብቅ ሞገዱ ጭር ይላል። ሦስት ደቂቃ ዝምታ ለምኜ የቀረውን ሰዓት ሁሉ መረቁልኝ። እኔና ኢድሪስ አሁን በደንብ እንሰማማለን።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ብዬዋለሁ። የኩርሙክ ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው፣ እባካቸው፣ በዚያች ሦስት ደቂቃ አይሁንባቸው።