ጋሽ ልሳነወርቅና የልቤ ግድግዳ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ሕክምና ያልተማረ አንድ ሐኪም አይጠፋም። እዚህ አሜሪካ፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ክቡር ሐኪም ጋሽ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ያለውን በሽተኛ ሁሉ ሳይጠሩ አጅበው ይሄዳሉ። «ይሄን ለእኔ ተወው!» ነው ቃላቸው። የጎረቤታችንን የእታለማሁን ደም ግፊት «ጨው አይደለም፣ አማቷ ናት» ብለው የመረመሩ፣ የጥርስ ሐኪምን ስለ ጥርስ የመከሩ ሰው ናቸው።

ባለፈው ወር ደረቴን ሲወጋኝ የልብ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ለባለቤቴ ብቻ ነገርኳት። በቀጠሮዬ ጠዋት በሩን ስከፍት ጋሽ ልሳነወርቅ መኪና አስነስተው ይጠብቁኛል።

አሌክሳንድሪያ ባለው ክሊኒክ ውስጥ ያኔት የምትባል የእኛው ልጅ፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ፣ ጄል ቀብታ መሣሪያውን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ኮምፒውተሩ የልቤን ግድግዳ ራሱ በአረንጓዴ መስመር ከቦ፣ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ለክቶ ቁጥሩን ደረደረ።

«ይሄ ማሽን ተሳስቷል» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ገና መነጽራቸውን ሳያደርጉ።

«አባባ፣ አውቶማቲክ እኮ ነው» አለች ያኔት።

«የእኔም አውቶቡስ አውቶማቲክ ነበር። መሪውን ግን እኔ ነበርኩ የምይዘው!»

ያኔት እየሳቀች ጠጋ ብላ አየችው። እውነትም መስመሩ አንድ ቦታ ከግድግዳው ወጥቷል። በእጇ አስተካክላ እንደገና ለካች። ቁጥሩ ተሻሻለ። ጋሽ ልሳነወርቅ እንደ አዲስ ተሿሚ ደረታቸውን ነፉ።

ሐኪሟ ገብታ ምስሉን አየች። «በዚህ በኩል ግን ግድግዳው ደክሟል፤ ደም በደንብ አይደርሰውም ይሆናል። መድኃኒት ዛሬውኑ ጀምር፤ ሰኞ ሆስፒታል የደም ሥርህን እናያለን» አለችኝ።

ከጋሽ ልሳነወርቅ ክርክር ጠበቅሁ።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

ይህን ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ የለም። ከሐኪሟ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ፓርኪንግ ስንደርስ መኪናቸውን የት እንዳቆሙ ጠፋቸው። ሁለት ፎቅ ወጣን፣ ሦስት ወረድን። በመጨረሻ ምሰሶ ተደግፈው ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ቁልፉን ከእጃቸው ወስጄ ስጫነው መኪናዋ ከማዶ ጮኸች። በሽተኛው እኔ ነዳሁ። እሳቸው እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ክንዴን አልለቀቁም።

ሰኞ የጠበበው የደም ሥሬ ተከፈተልኝ። ስነቃ ጋሽ ልሳነወርቅ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ አንዱ እግራቸው ላይ ጥቁር፣ ሌላው ላይ ቡናማ ጫማ።

ነርሷ «እዚህ የሚፈቀደው ለቤተሰብ ብቻ ነው» ብላ ልትቀሰቅሳቸው እጇን ዘረጋች።

«ተያቸው፣» አልኳት፣ «አባቴ ናቸው።»