ሁለት ጊዜ የተመረመረው ማሳ

አማርኛችን አፈርን የያዘበት መንገድ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስንቆጣ «አፈር ብላ!» እንላለን። ስንወድ ደግሞ እንግዳው እጁን ከማዕዱ ሲሰበስብ «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ!» ብለን እንለምናለን። የሞተን ሰው «አፈሩ ይቅለለው» ብለን እንሸኛለን፤ የከሰረውን «አፈር ድሜ በላ» ብለን እናማለን። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በአንድ ቃል የምንራገም፣ የምንለማመጥ፣ የምንመርቅና የምናማ ሰዎች ስለዚያ ቃል ምን ያህል እናውቃለን? ልንገራችሁ፤ በጣም ጥቂት። ይህን የምለው ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው አፈር እንዲያውቅ የሆነ ሰው ነው።

ታደሰ እባላለሁ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ፣ ተዳፋት ላይ በተቀመጠች ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በእኛ በኩል ሰውን ከጫማው መለየት ትችላላችሁ። ክረምት ላይ የደጎሎ ሜዳን አቋርጦ የመጣ ሰው ጥቁር ዋልካ እግሩ ላይ ተሸክሞ ነው የሚደርሰው፤ ጫማ እንጂ እርሻ የተጫማ አይመስልም። የእኛ ቀይ አፈር ግን ጨዋ ነው፤ ብዙም አይጣበቅም። ጨዋነቱ ችግሩን እንደሸሸገብን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ያሳወቀችኝ ዘሀራ ናት።

ዘሀራ የሼህ እንድሪስ ልጅ ናት። ሼህ እንድሪስ ለአካባቢው ልጆች ቁርአን የሚያቀሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ዱዓ የሚያስደርጋቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዓመታትን ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። አገሩ ሁሉ መካነ ሰላም ላይ ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ግን ዓይኗን የጣለችው በአባቷ ላይኛው ማሳ ላይ ነበር። ማሳው እንዴት ያለ እንደነበር ልንገራችሁ። ገብስ ይዘራበታል፤ ይበቅላል፤ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያ ሲጨመርበት እንኳ ለሰላምታ ያህል ትንሽ አረንጓዴ ብሎ ይመለሳል። ታላቅ ወንድሟ ሰይድ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

«ባህር ዛፍ እንትከልበት» ይላል። «ባህር ዛፍ አይለግምም።»

«አንድ ክረምት ስጡኝ» አለች ዘሀራ። «ካልሆነ ባህር ዛፋችሁን ትከሉ። እኔም ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ።»

ሱቁን ትታ ለምን እርሻ እንደመረጠች አንድ ቀን ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና «እዚያ ሥራዬ አፈር ማባረር ነበር» አለችኝ። «ጠዋት ከወለሉ፣ ማታ ከመስኮቱ፣ በማግስቱ እንደገና። እድሜዬን ከአፈር ጋር ስጣላ ኖርኩ። አሁን መታረቅ እፈልጋለሁ።» ይህን ስትሰሙ ምን ትላላችሁ? እኔማ ኮፍያዬን አድርጌ መመርመሪያዬን አነሳሁ።

ማሳው ላይ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዳር በኩል ደልደል ያለ፣ ዛፍ ያጠላበት ቦታ አየሁ። እዚያው ተቀምጬ ቆፈርኩ፣ አፈሩን በውሃ በጥብጬ አሲድ የሚለየውን መመርመሪያ ወረቀቴን ነከርኩ፣ ቀለሙን አየሁ። ደህና ቀለም ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና በሙሉ ባለሙያ ድምፅ «መሬታችሁ ጤነኛ ነው፤ ዘሩን ቀይሩ» አልኩ።

ዘሀራ ጉድጓዱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«አያ ታደሰ፣ እዚህ ቦታ ምን እንደነበር ታውቃለህ?»

«ምን ነበር?»

«የከብቶቻችን በረት። እበቱም አመዱም ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ነው የተደፋው። አንተ የመረመርከው የአባቴን መሬት አይደለም፤ የአባቴን በሬዎች ነው።»

ጆሮዬ ጋለ። በትምህርት ቤት የተነገረን እኮ ግልጽ ነበር፤ ማሳውን እየተጠማዘዛችሁ ዙሩ፣ ከብዙ ቦታ ውሰዱ፣ ቀላቅሉ፣ በረት ከነበረበትና አመድ ከተደፋበት ራቁ። አውቀዋለሁ። ብፈተን ሙሉ ውጤት የማገኝበት ነገር ነው። ግን ፀሐዩ ይበሳል፤ ጥላው ይቀዘቅዛል። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ በኋላ እሷ መራች፣ እኔ ተከተልኩ። ባልዲ ይዛ ከታች ወደ ላይ እየተጠማዘዘች ወጣች። በየደረሰችበት የላዩን ትጠርጋለች፣ አንድ ስንዝር ያህል ትቆፍራለች፣ ጭብጥ አፈር ባልዲው ውስጥ ትጨምራለች። በየቦታው ታሪክም አላት። እዚህ ጎርፍ የገባበት ነው፤ እዚህ ገብሱ መጀመሪያ የሚታመምበት ነው፤ እዚህ ባቄላ ተሞክሮ ያልሆነበት ነው። መሬቱን ታስታምመው እንጂ ታርሰው አይመስልም። ሁሉንም ላስቲክ ላይ ዘርግፈን አደባለቅነው፤ ከሱ ጥቂት ወስጄ ደሴ ወዳለው ላቦራቶሪ ላክሁ።

መልሱ መጣ። መሬቱ ክፉኛ አሲዳማ ሆኗል። ነገሩን በእኛ ቋንቋ ላስረዳችሁ። ዝናቡ ለብዙ ዘመን ደጉን ነገር እያጠበ ወስዶታል፤ የቀረው ደግሞ ማዳበሪያውን አስሮ ይይዘዋል። የምንጨምረው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ አለ፤ ግን እንደተቆለፈበት ጎተራ ነው። ሰብሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይራባል። ቁልፉ ኖራ ነው።

ሼህ እንድሪስን ለማነጋገር ስሄድ ልጆቹን አሰናብተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰይድና ዘሀራም አሉ።

«መሬትዎ ኖራ ይፈልጋል፣ ሼህ» አልኋቸው።

«ኖራ? ግድግዳ የሚቀባው?»

«ዘመዱ ነው።»

ሰይድ ሳቀ። «እንግዲህ መሬቱን ልንቀባው ነው!»

ሼኹ አልሳቁም። «ፊት ጤነኛ ነው ያልከው አንተው አልነበርክም?» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ወደ መሬት አየሁ። ለማምለጥ መንገድ ነበረኝ፤ መሣሪያው ነው፣ ወረቀቱ ነው ማለት ይቻል ነበር። «እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ከማይሆን ቦታ ቆፍሬ ነው። ያረመችኝ ልጅዎ ናት።»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንደ ዳኛ ፈረዱ፤ «ግማሹ ኖራ ይደረግበት። ግማሹ እንደ ልማዱ ይዘራ። ከእናንተ ከሁላችሁ ይልቅ መሬቱ ራሱ ይመስክር።»

ኖራው ግንቦት ላይ በአህያ ተጭኖ ወጣ። ነፋስ ሳይነሳ ብለን በማለዳ መበተን ጀመርን፤ ነፋሱ ግን ከእኛ ቀድሞ ተነስቶ ኖሯል። ከቅንድባችን እስከ ጫማችን ነጣን። ወደ ገበያ የምታልፍ አንዲት ጎረቤት ቆም ብላ «ዘሀራ፣ ይኸ ሁሉ ዱቄት ለማን ነው?» አለቻት።

«ለመሬቱ» አለች ዘሀራ። «ሲያበላን ኖሮ እሱን ያበላው የለም።»

ሰይድ እየሳቀም ቢሆን በሬዎቹን ጠምዶ ኖራውን ከአፈሩ ጋር አገላበጠው። ለሥራ አይታማም። ፍጉም ለሁለቱም ግማሽ እኩል ተበተነ፤ ምስክርነቱ እንዳይዛባ። ከወር በኋላ ገብሱ ተዘራ።

የበቀለ ሰሞን ሁለቱም ግማሽ መንትያ ነበር። ልዩነት የለም። ዘሀራ በየቀኑ ትወጣለች፣ አይታ ትመለሳለች። ሰይድ የባህር ዛፍ ችግኝ የት እንደሚገኝ ማጠያየቅ ጀመረ። እኔ፣ አልዋሻችሁም፣ ወደ ቢሮ የምሄድበትን መንገድ ቀየርኩ፤ በማሳው በኩል ላለማለፍ ጋራውን ዞሬ እሄድ ነበር። አንዲት ሴት በእኔ ቃል ተማምና ዳግም ወደ ሰው አገር ብትሄድ በምን ዓይኔ አባቷን አያለሁ?

አንድ የሐምሌ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «አያ ታደሰ፣ ና» ብላ ዘጋችው። በረዶ መታው ብዬ ደመደምኩ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጉሙ እየተገለጠ ነበር። ዘሀራ ማሳው መሐል አንድ እግሯን በዚህኛው ግማሽ፣ አንዱን በዚያኛው አድርጋ ቆማለች። በአንድ በኩል የለመድነው ቢጫ፣ ቀጫጫ ገብስ። በሌላው በኩል ጥቁር አረንጓዴ፣ ጉልበት የደረሰ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ የሚተኛና የሚነሳ ገብስ። መሐላቸው ያለው መስመር በገመድ የተሰመረ ይመስላል። ከየበኩሉ አንዳንድ ነቅላ አሳየችኝ። የአንዱ ሥር ያጠረና የተኮማተረ፣ እሳት የላሰው የሚመስል። የሌላው ነጭ፣ ረጅም፣ አፈሩን አቅፎ የማይለቅ። ልትስቅ ሞከረች፤ እንባዋ ቀደማት።

ሼህ እንድሪስ በምርኩዛቸው ወጡ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። ጎንበስ ብለው ገብሱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «አልሀምዱሊላህ» አሉ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው «ማሻአላህ፣ ሼህ! ዘንድሮስ ገብስዎ!» ብሎ ጮኸ።

ቀና አሉ። «የእኔ አይደለም» አሉ ጮክ ብለው። «የዘሀራ ነው።»

ሰይድ በማግስቱ ቢሮዬ መጣና ወንበር እንኳ ሳይስብ «ለዚያኛው ግማሽ ኖራው መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። ስለ ባህር ዛፍ ማንም አላነሳም። ስለ ጅዳም።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስሄድ ደረቴ ይቀድመኝ ነበር። በገብሱ ብቻ አይደለም። ከማን ዘመን ጀምሮ እንደሚታረስ የማይታወቅ ተዳፋት፣ ሞተ ተብሎ የተተወ መሬት፣ ደክሞት እንጂ ሞቶ እንዳልነበር ስላየሁ ነው። ይኸን ያየችው ደግሞ የራሳችን ልጅ ናት። ኩራት ከሆነ ይሁን፤ እኔ አላፍርበትም።

ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ከማዶ መንደር ሦስት ገበሬዎች ወደ ቢሮዬ መጡ። ስሜ ጋራውን ተሻግሯል ማለት ነው ብዬ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ብድግ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም፤ ዙሪያውን ቃኙ።

«ዘሀራ የለችም እንዴ?» አሉ ትልቁ ሰውዬ።

«ዘሀራ እዚህ አትሠራም፣ አባቴ። ባለሙያው እኔ ነኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን፣ ልጄ» አሉ፣ እንዳይከፋኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «አንተም ደህና ሰው ነህ። እኛ ግን የመጣነው እሷ አፈራችንን እንድታይልን ነው።»

ወዴት እንደሚሄዱ በእጄ አሳየኋቸው። ጥቂት እንደራቁ ግን ቢሮውን ቆለፍኩና ከኋላቸው ተከተልኩ።