የሁለት ማንኪያ ጨው ክሊራንስ

የሳይንስ መምህርቷ ዝውውር የጸደቀው ሰኞ ዕለት ነው። አምስት ዓመት ተለይታው የኖረችው ባሏ ወዳለበት ከተማ ልትሄድ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት እስከ ዓርብ ካልመጣች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯታል። የቀራት የወሰደችውን ንብረት አስረክባ ክሊራንስ ማስፈረም ብቻ ነበር።

የንብረት ክፍል ኃላፊውን ተማሪዎች «ጋሽ ቁልፉ» ይሏቸዋል። ንብረት ጠባቂ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤቱን አንድ ማይክሮስኮፕ እንዳይሰበር ሲሉ ለአሥራ አንድ ዓመት ከካርቶኑ አላወጡትም።

«ለአምስተኛ ክፍል ሁለት ማንኪያ ጨውና አንድ ብርጭቆ ውሃ ወስደሻል» አሏት መዝገባቸውን ገልጠው።

«ይኸው፣ ጋሼ» አለችና ብርጭቆውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች።

«ውሃው ይታየኛል። ጨውስ?»

«ውስጡ ሟምቷል። ቢቀምሱት ያገኙታል።»

«ንብረት አይቀመስም።»

ከሱቅ ገዝታ ልትተካ ብትለምናቸው «የሱቅ ጨው የሱቅ ነው» አሏት። ያም ሆኖ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ ብርጭቆውን «ድብልቅ፣ አንድ» ብለው መዘገቡት።

ማክሰኞ ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች። ከድብልቁ አንድ ማንኪያ ቀድታ ምድጃ ላይ አፈላችው። ውሃው አለቀ፤ ማንኪያው ላይ ነጭ ጨው ቀረ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ጋሽ ቁልፉ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። «ውሃውስ?»

«ተነነ።»

«በማን ፈቃድ?»

«ጋዝ ሆኖ ሄደ እኮ፣ ጋሼ!»

ወዲያው የበሩን ጥበቃ አስጠሩ። ጥበቃው «በእኔ በር ምንም አላለፈም» ብሎ ማለ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተሰብስቦ የጠፋችውን ውሃ በቃለ ጉባኤ ይቅር አላት፤ ለቀሪው ግን መምህርቷን በጥብቅ አስጠነቀቀ።

ረቡዕ የቀረውን ድብልቅ በድስት ምድጃ ላይ ጣደችና በቀዝቃዛ ክዳን ከደነችው። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጠብታ እየሆነ በጎን ወደ ብርጭቆ ወረደ። ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዙ ዋሉ። ጋሽ ቁልፉም ወንበር አስመጥተው ከጠብታዎቹ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሲመሽ ጨው በሳህን፣ ውሃ በብርጭቆ ተረከቡ።

«አሁን ይፈርሙልኛል?»

«ድብልቁስ?»

«ለያየሁት እኮ!»

«የተመዘገበ ንብረት አፈረስሽ በይኛ።»

ማታ ባሏ ደወለ። «ምን ያዘሽ?»

«ጨው» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ቆማ ጠበቀቻቸው። ጨዉን ከሳህኑ ወደ ውሃው ገልብጣ አማሰለችው።

«ይኸው ድብልቁ። ጨውም ውሃም ውስጡ አሉ። ትናንት ሲወጡ በዓይንዎ አይተዋል።»

ጋሽ ቁልፉ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት። ሊክዱ አልቻሉም። «ሦስት ንብረት፣ በአንድ ብርጭቆ» ብለው ጻፉ። ፈረሙ፤ ማኅተሙን እፍ እፍ ብለው መቱላት።

ወረቀቱን ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ የሆነ ነገር ሲፈስ ሰማች። ዞር ስትል ጋሽ ቁልፉ ብርጭቆውን በመስኮት ወደ ውጭ ገልብጠው ያንጠፈጥፉታል።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ልጄ?» አሉ ብርጭቆውን እየወለወሉ። «ፈሳሽ ስቶር ውስጥ አይቀመጥም። መመሪያ ነው።»