አንቀጽ ዘጠኝን የፈረምሁ ቀን

ሰው ሥራ የሚያጣው ስላልተማረ ነው ስትሉ እሰማለሁ። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ድንጋይ መሸከም ከጀመርሁ ወዲህ፣ ወገቤን ባመመኝ ቁጥር የምረግመው ያን የተውሁትን ደብተር ነበር። ለካ ትምህርትም እንደ ጨው ይበዛል።

ጌታሰውን ላስተዋውቃችሁ። የጭልጋ ልጅ ነው፤ አራዳ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ማስተርስ አለው። በምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስረድቶኛል፤ ከአፈርና ከውኃ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ የምውለው ከአፈርና ከውኃ ጋር ነው፤ ግን ማንም ጋዋን አላለበሰኝም። ትንሹ መሥሪያ ቤት «ለእኛ ትበዛብናለህ፣ ነገ ጥለኸን ትሄዳለህ» ይለዋል። ትልቁ ደግሞ ልምድ አምጣ ይለዋል።

ይህ እንኳ ባልከፋ። ሊያገባት ላሰባት የአገሩ ልጅ ጭልጋ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባትዬው «ሥራ ይያዝና ከቅበላ በፊት ይውሰዳት፤ አለዚያ ሌላ ጠያቂ አላት» አሉ። ቅበላ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም፤ ጾሙ ማስተርስ አያይም።

አዘዞ አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ እንደሚፈልግ የሰማሁት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው «ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ይላል።

«በል፣ ዲግሪህን አልጋ ሥር ክተት» አልሁት። «ስምንተኛ ክፍል እናደርግሃለን።»

ሦስት ቀን አሠለጠንሁት። «በመሠረቱ» አትበል። «ከዚህ አንጻር» የምትላትን እዚሁ ቤት ትተህ ውጣ። ሲጠይቁህ ቶሎ አትመልስ፤ መጀመሪያ አንገትህን እከክ። የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ከሻንጣው ሲያወጣ ነጥቡ ለዘበኛ የማይገባ ሆኖ አገኘነው፤ ሲያሳይ አውራ ጣቱን እላዩ ላይ እንዲያደርግ መከርሁት። ነጥቡን የሚያጋንን እንጂ የሚደብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በቀጠሮው ቀን ልቡ እንዳይከዳው አብሬው ሄድሁ። የጥበቃው አለቃ አያ ሞላ ካርዱን አዩ፤ አውራ ጣቱን አላዩም።

«ሌባ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?»

ጌታሰው አንገቱን አከከ። «እጮኻለሁ፣ አያ።»

«ሁለት ሆነው ቢመጡስ?»

«አብዝቼ እጮኻለሁ።»

«ሸጋ!»

ኮራሁበት። ከዚያ ሦስት ገጽ ውል ዘረጉለትና ጣታቸውን መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። እኛ የቀን ሠራተኞች ውል ስንፈርም የምናየው ጣት ነው። ጣቱ ያረፈበት እንፈርማለን፣ አበቃ። ይሄ ሰውዬ ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰው። አነበበ። ገለጠ። እግሩን ረገጥሁት፤ እግሩን ሰብስቦ ማንበቡን ቀጠለ።

«አያ ሞላ፣ በመሠረቱ...» አለ። አለቀልን። «አንቀጽ አምስት ዘበኛው በሳምንት አንድ ቀን ያርፋል ይላል። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ በማንኛውም ቀን ከግቢ አይወጣም ይላል። ይጋጫሉ።»

አያ ሞላ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምነው ልጄ፣ ስንት ዓመት ተማርህ?»

መዋሸት አይችልበትም፤ እሱን ማሠልጠን ረስቼ ነበር። ተናገረ።

«በል ሂድ። ነገ ጥለኸን ለምትሄደው!» አሉት። ቢሆንም ምክር የሚሰሙ ሰው ናቸው፤ ግጭቱን እዚያው በስክሪብቶ ሰረዝ አስተካከሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

«ከሰባተኛ ነው ያቋረጥሁ፣ አያ።»

«የጎደለችውን እኛ እንችላታለን።»

ጌታሰውን አየሁት። «ፈርም፣ ወገብህን አስበው» አለኝ። «ግን አንብበው።»

ጣታቸው ያረፈበት ፈረምሁ።

በማግስቱ ጌታሰው እኔ የተውሁት ድንጋይ ላይ ገባ። እዚያ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ለልጅቱ አባት «ግንባታ ላይ ተቀጥሯል» ተብሎ ተነገራቸው፤ ውሸት የለበትም። እሳቸው «መሐንዲስ ነዋ!» ብለው ደስ አላቸው። ያረማቸውም የለም።

ሠርጉ ቅበላ ሳያልፍ፣ እሑድ ቀን ሆነ። ሚዜው እኔ ነበርሁ። ጠዋት የተዋስሁትን ሱፍ ለብሼ ልወጣ የመጋዘኑ በር ጋ ስደርስ፣ አያ ሞላ ውሉን ይዘው ቆመዋል። የተሰረዘው ዕረፍት የሚሰጠው አንቀጽ አምስት ነው።

ወደ ጭልጋ ሙሽራ ሊያመጡ የሚሄዱት ማኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በመጋዘኑ በር አለፉ። እኔ ሱፌን እንደለበስሁ ከአጥሩ ውስጥ እጄን አውለበለብሁ። ጮኽሁም። መጮህን እንኳ ውሉ አይከለክልም፤ አሁን አንብቤዋለሁ።